ከስዊድን ምን አመጣሽልን?

ከአገር ወጥቶ የሚመለስን ሰው ደጃፉ ላይ የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምን ይዘሽልን መጣሽ?» ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜ ወደሚኖርበት ወደ ስቶክሆልም ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ነበር። ከጅቡቲ ስነሣ በቦርሳዬ ውስጥ የ14 ሰው የዕቃ ዝርዝር ነበረኝ። ጫማ ከነቁጥሩ፣ ሽቶ፣ ቸኮሌት፣ ወፍራም የልጅ ጃኬት (ጅቡቲ ውስጥ መቼ እንደሚለበስ አልጠየቅሁም)። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ «የስዊድን ቡና» አዘዘችኝ። ይዤላት መጥቼ ማሸጊያውን አብረን ብናነበው ሲዳማ ይላል።

ከሦስቱ ሳምንት ሁለቱን በገበያ አዳራሽ ጨረስኩ። የዕቁብ ዕጣዬም አብሮ አለቀ፤ መዋጮውን እስከ ዛሬ እየከፈልኩ ነው። መስከረም ላይ ክፍል ስገባ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ስዊድን ምን ዓይነት አገር ነው?» አለችኝ። አፈርኩ። የጫማ ዋጋ አውቃለሁ፤ አገሩን ግን ያየሁት በመጨረሻው ሳምንት ብቻ፣ ያውም ወንድሜ «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ዕቃ ጅቡቲም ይገኛል፤ ከነገ ጀምሮ ገበያ የለም» ብሎ ዝርዝሩን ከነጠቀኝ በኋላ ነው። በዚያ ሳምንት ካየሁት ሦስቱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የወሰደኝ ወደ ቫሳ ሙዚየም ነው። እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች በነጻ ይገባሉ። ቫሳ 64 መድፍ የተሸከመ የንጉሥ የጦር መርከብ ነበር። በ1628 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ሸራውን ዘርግቶ 1,300 ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ነፋስ አዘነበለውና ከተማው እያየው ሰጠመ። ላዩ ከባድ፣ ታቹ ጠባብ ሆኖ ነበር የተሠራው። ከመነሣቱ በፊት 30 ሰዎች በወለሉ ላይ ወዲያና ወዲህ እንዲሮጡ ተደርጎ ሲፈተን እጅግ ስለ ተንገዳገደ ፈተናው ተቋረጠ፤ ንጉሡ ግን መርከቡን ይጠብቁ ነበርና «አይሆንም» ብሎ ያስቆመ አልተገኘም። በ1961 ከባሕር ወለል አወጡት። ዛሬ ከየአገሩ የሚመጣ ሰው ተሰልፎ የሚያየው ይህን የአገሪቱን ስሕተት ነው። እኔ መምህር ነኝና በቀይ እስክሪብቶ የታረመ የፈተና ወረቀት በስንት ቦርሳ ውስጥ ታጥፎ እንደሚደበቅ አውቃለሁ። ያን መርከብ ሳይ ወረቀቶቻችሁ ትዝ አሉኝ።

በማግስቱ ወደ ጫካ ወጣን። በስዊድን ማንም ሰው የሌላ ሰው በሆነ ጫካ ውስጥ እንኳ መሄድ፣ የዱር እንጆሪና እንጉዳይ መልቀም፣ አንድ ሌሊት ድንኳን ተክሎ ማደር ይችላል። መብቱ በሕገ መንግሥታቸው ተጠቅሷል። ግዴታውን ደግሞ ልጆች ሳይቀሩ በቃላቸው ያውቁታል፦ አትረብሽ፣ አታበላሽ። ወደ ሰው ቤት አጥር አይጠጉም፤ የተዘራ ማሳ አይረግጡም። የወንድሜ ልጅ ብርቱካን ልጣ ቆሻሻ መጣያ እስክታገኝ ድረስ ልጣጩን በኪሷ ይዛ ዋለች። ጠባቂ ግን አላየሁም።

ሦስተኛው ጠርሙስ ነው። የታሸገ መጠጥ ስትገዙ ለማሸጊያው ጥቂት ክሮነር ማስያዣ ትከፍላላችሁ፤ ባዶውን ሱቅ ውስጥ ላለው ማሽን ስትመልሱ ገንዘባችሁ ይመለሳል። የቆርቆሮ ጣሳው አሠራር የተጀመረው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአገራችን ለስላሳ ስንገዛ የጠርሙስ ማስያዣ እንከፍል አልነበረም? ቆራሌውስ በየሰፈሩ የሚጮኸው ለምንድን ነው? እነሱ የእኛን የሚመስለውን ልማድ ወደ ፕላስቲኩም ወሰዱት፤ እኛ ፕላስቲኩ ሲመጣ ልማዱን ተውነው።

«ታዲያ ባዶ እጅ ይገባል ወይ?» የሚለኝ ወላጅ እንደሚኖር አውቃለሁ። ልክ ነው፣ አይገባም። ስጦታ ማለት በሩቅ ሳለሁ አስቤሃለሁ ማለት ነው፤ ለልጁ ጫማ የላከ ዘመድም ተጎድቶ አይቀርም። እኔም የጎረቤቴን ደስታ አይቻለሁ፤ ሲዳማውን ቆልታ ስትጠራን አብረን ስቀን ጠጥተናል። ክፉው ነገር ስጦታው ዝርዝር፣ ዝርዝሩም ዕዳ ሲሆን ነው። ተጓዡ በዕዳ ይመለሳል፤ የጠበቁትም ልጆች ስለ አገሩ ከማስታወቂያ የበለጠ ነገር ሳይሰሙ ይቀራሉ።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። ወላጆች፣ በዚህ ክረምት ወደ ስዊድን፣ ወደ ኖርዌይ ወይም ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው ሲኖር ከአንድ ነገር በላይ አንዘዘው፤ ሲመለስ ግን ልጆቻችንን ይዘን ሄደን ያየውን እንጠይቀው። ለትምህርት ቤታችን ደግሞ፦ ሻይ ክበባችን የውሃ ጠርሙስ ሲሸጥ 10 ፍራንክ ማስያዣ ይያዝ፤ ባዶውን ለሚመልስ ይመልስ። ያልተመለሰው ገንዘብ ለቤተ መጻሕፍታችን ይዋል። ከአጥራችን ውጭ ያለውን የባሕር ዳርቻ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም።

ያቺ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ዘንድሮ 8ኛ ትገባለች። መልሴ ዘግይቷል፤ ይቅርታሽን። ከስዊድን ያመጣሁልሽ ይህን ነው።