ስጦታው ከላይ፣ ዕዳው ከታች፦ የሾላ ገበያ ሒሳብ



ባለፈው ቅዳሜ ሾላ ገበያ ወርጄ ነበር። ዘወትር ቅቤ የምገዛቸው እናት ሚዛናቸውን አስቀምጠው “ልጄ፣ የድሮ ደንበኞቼ እኮ አለቁ፤ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሄደ” አሉኝ። ወዴት እንደሄደ አልጠየቅኋቸውም፤ ሁላችንም እናውቀዋለንና። አንዱ ዕጣ ደርሶት፣ ሌላው ምትክ ቤት ተሰጥቶት ወደ የካ አባዶ፣ ወደ አያት፣ ወደ ቦሌ አራብሳ ሄዷል። ስለ ቤቶቹ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማነሣው ከቤቶቹ ጀርባ ያለውን የሒሳብ መዝገብ ነው። ስጦታውን የሚሰጠው ማን ነው? ዕዳውንስ የሚከፍለው?

ነገሩ የሚጀምረው ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ኪራይንም ቀነሰ። ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸው፣ ማለትም በወር ከ100 ብር በታች የሚከፈልባቸው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። ለድኻው ታላቅ እፎይታ እንደነበር አልክድም። ሆኖም ኪራዩ ለዐሥርት ዓመታት ባለበት ሲቆም የቆርቆሮና የሚስማር ዋጋ አብሮት አልቆመም። ቀበሌው በሚሰበስባት ሳንቲም ጣሪያ መክደን ተሳነው፤ ግድግዳው ዘመመ፣ መጸዳጃው ሞላ። ዘመናት አልፈው መንግሥት ተለወጠና ባለቤቱ ተመልሶ መጣ፤ “ይህ ሰፈር አርጅቷልና ይፍረስ” አለ። ለመሆኑ ማን አስረጀው? ቤቱን ሰጥቶ የማደሻውን ገንዘብ የከለከለው ራሱ ባለቤቱ አይደለምን?

ሁለተኛው ስጦታ አቶ አርከበ ዕቁባይ ከተማዋን በሚመሩበት ጊዜ፣ በ1996 ዓ.ም. ከቦሌ ገርጂ የጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ነው። መሬቱ ያለ ሊዝ ክፍያ ቀረበ፤ የግንባታው ገንዘብ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በቦንድ ተገኘ፤ ባለዕድለኛው ጥቂት ቀድሞ ከፍሎ ቀሪውን በረጅም ዘመን እንዲከፍል ተደረገ። በ2005 ዓ.ም. 10/90፣ 20/80 እና 40/60 ተብሎ ምዝገባ ሲካሄድ ከ900 ሺሕ በላይ ሰው ተሰለፈ። የችግሩን ስፋት ከዚህ በላይ የሚናገር ምስክር አያስፈልግም።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። አዲስ አበባ በጀቷን የምትሸፍነው በዋናነት ራሷ ከምትሰበስበው ገቢ ነው። ከገቢዋ አንዱ ደግሞ የመሬት ሊዝ ነው። ለጋራ መኖሪያ ቤት በነጻ የተሰጠ መሬት ለጨረታ አይቀርብም፤ ለጨረታ የቀረበውም ለድኻ ቤት አይሆንም። እንግዲህ አስተዳዳሪው ምን ያደርጋል? ውዱን የመሐል መሬት ለባለ ገንዘብ ያስቀምጣል፤ የድኻውን ቤት ርካሽ ወደሆነው ዳር ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በልደታና በሌሎችም የመሐል ሰፈሮች ኮንዶሚኒየም ተሠርቶ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ግንባታው ወደ ጠርዝ ሸሸ። ፕላኑን የነደፈው የከተማ መሐንዲሱ ሳይሆን ሒሳብ ሹሙ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ታዲያ የዳሩ መሬት በእርግጥ ርካሽ ነበርን? የተነሣው ገበሬ እርሻውን አጥቷል። መንገዱ፣ የውኃ ቧንቧው፣ ትምህርት ቤቱ እንደ አዲስ ይሠራል። ነዋሪውም ሥራው ያለበት መሐል ከተማ ለመድረስ በየማለዳው የታክሲ ሰልፍ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ወጪ ነው፤ ልዩነቱ በቤቱ ዋጋ ላይ አለመጻፉ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው የወረዳው ዕጣ ነው። ነዋሪው ሾላ ቢቀርም ቢሄድም የወረዳው በጀት የሚመደበው ከላይ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ የሚገኘው የሊዝ ገንዘብ ወደ ከተማው ካዝና ይገባል። ስለዚህ የወረዳው ምክር ቤት ሰፈሩን ለማቆየት የሚገፋፋው አንዳች ጥቅም የለውም፤ “ይነሣ” ሲባል እጁን ያወጣል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከአራት ኪሎ በቀበና ወደ መገናኛ ሲዘረጋ የሰፈሩን ሰው ማን አማከረው? መንገዱ ማማሩን እኔም አይቻለሁ። ጥያቄዬ ስለ ውበቱ አይደለም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር ነውን? አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2011 አዲስ ቤት ለተሠራበት አካባቢ ምክር ቤት በየዓመቱ ጉርሻ መክፈል ጀመረች፤ መጀመሪያ ለስድስት ዓመት ነበር፣ ኋላ ወደ አራት ዝቅ አለ። እዚያም ተቃውሞ ተነሣ፤ ገንዘቡ በአብዛኛው ከምክር ቤቶቹ የጋራ ድጎማ ተቀንሶ የሚከፈል ነበርና ቤት መሥራት የሚቀልለው አካባቢ ሲያተርፍ ሌላው ከሰረ። ነገር ግን የእነርሱ ሒሳብ አደባባይ ላይ ነው፤ መራጩ የምክር ቤት አባሉን ስሙን ጠርቶ ይጠይቀዋል። የእኛስ? ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የ25,491 ቤቶች ዕጣ ወጥቶ በመጭበርበሩ ሲሰረዝ ያየነው፣ ስጦታ በተዘጋ ክፍል ሲታደል ምን እንደሚሆን ነው።

“ሕዝብ ቤት አጥቶ እያለ ስለ ሒሳብ ታወራለህ?” የሚለኝ አይጠፋም። አዎን፣ አወራለሁ፤ በ1967ም ሒሳቡን ማንም ስላልጠየቀ ነው ቤቱ በላያችን የዘመመው። ዛሬም መሬት ለግል አልሚዎች እየቀረበ በሽርክና ቤት ይሠራ ሲባል ያው ጥያቄ ይመለሳል፦ የመሬቱ ዋጋ ስንት ነው? የከተማው ድርሻስ የት ሰፈር ይገኛል?

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በነጻ የሚሰጥ መሬት ሁሉ በሊዝ ቢሸጥ ያወጣ የነበረው ዋጋ በከተማው በጀት ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የንብረት ግብር አዋጅ በጥር 2017 ዓ.ም. በተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል፤ ከሚሰበሰበው ላይ ለወረዳው በሕግ የታወቀ ድርሻ ይሰጠው። ሦስተኛ፣ ሰፈር ከመፍረሱ በፊት የወረዳው ምክር ቤት ነዋሪው በተገኘበት በግልጽ ድምፅ ይስጥ።

እኒያ እናት ቅቤውን መዝነው ሲሰጡኝ “ሚዛኑን እየው ልጄ፣ እንዳልበድልህ” አሉኝ። የሾላ ነጋዴ ሚዛኗን ለገዢ ታሳያለች። ከተማችንን የሚያስተዳድሩትስ የእነርሱን የሚያሳዩን መቼ ነው?

ቸር እንሰንብት።