በዐሥራ ስድስት ዓመት ኮሌጅ፦ ዕድሉና ዕዳው

በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ በምትገኘው በዋሽንግተን ግዛት፣ ይልቁንም በሲያትልና በዙሪያዋ ሰፍረው የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ልጆቻቸው ዐሥረኛውን ክፍል ፈጽመው ወደ ዐሥራ አንደኛው ሲሻገሩ፣ በአገር ቤት ሳሉ ያላዩት አንድ ምርጫ ይቀርብላቸዋል። ይኸውም ልጁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪነቱን ሳይለቅ በአቅራቢያው ወዳለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ይማር ዘንድ፣ የተማረውም ለሃይስኩሉም ለኮሌጁም ይቈጠርለት ዘንድ የሚፈቅደው፣ ራኒንግ ስታርት የሚባለው ሥርዓት ነው። እኔ ይህን ሥርዓት ከሚያመሰግኑት ወገን ነኝ፤ ነገር ግን ወላጅ ዝም ብሎ በተቀመጠበት ቤት በረከቱ ፈጥኖ ወደ ዕዳ ሊለወጥ እንደሚችል ሳልናገር ባልፍ ምስጋናዬ ጎደሎ ይሆናል።

ሐሳቡ በግዛት ደረጃ ሕግ ሆኖ አስቀድሞ የወጣው በሚኒሶታ፣ በገዢው በሩዲ ፐርፒች ዘመን፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የዋሽንግተን ሕግ አውጪዎችም በ1990 ተመሳሳዩን ደነገጉ። በዚህም መሠረት የዐሥራ አንደኛና የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ከተወሰነው የክሬዲት መጠን እስካላለፈ ድረስ፣ ለኮሌጁ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ የመጻሕፍቱና የመጓጓዣው ወጪ ግን በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። በአንድ ኳርተር የሚያልቅ 5 ክሬዲት ያለው የኮሌጅ ኮርስ እንደ አንድ ሙሉ የሃይስኩል ክሬዲት ይታሰባል። የኮርሶቹን ዓይነት ጠብቆ 90 ክሬዲት ያሟላ ብርቱ ተማሪ የሃይስኩል ዲፕሎማውንና የሁለት ዓመቱን የኮሌጅ ዲግሪ በአንድ ሰኔ ሊቀበል ይችላል፤ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የባችለር ዲግሪ 180 ክሬዲት የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ ይህ ልጅ የመንገዱን እኩሌታ ያለ ብድር ተጓዘ ማለት ነው።

ይህን የሰሙ አንዳንድ አባቶችና እናቶች «ልጄ ገና ልጅ ነው፤ በ16 ዓመቱ ከጎልማሶች ጋር ምን ያቀማምጠዋል?» ብለው ይሠጋሉ። ሥጋቱ ከፍቅር የመነጨ ነውና አይነቀፍም፤ ይሁን እንጂ ትምህርትን በዕድሜ እርከን ማሰር የአባቶቻችን ልማድ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠረ ሕፃን ወደ አቡጊዳው፣ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወደ ወንጌሉ፣ ኋላም ወደ ዳዊቱ የሚሻገረው የፊተኛውን ጠንቅቆ ሲያውቅ እንጂ ልደቱ በመጣ ቍጥር አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ በዜማ ቤት፣ በቅኔ ቤት፣ በመጻሕፍት ቤት የሚቆይበት ዘመን በልቡናው ብርሃንና በትጋቱ መጠን ያጥር ወይም ይረዝም ነበር። በዋሸራ የቅኔ ጉባኤ ጢሙ ያልበቀለ የቆሎ ተማሪ ሽበት ካበቀለ ደቀ መዝሙር ጎን ተቀምጦ ቢቀኝ ማንም አይገረምም፤ ድጓውን የፈጸመም ወደ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ካስመሰከረ በኋላ፣ በሄደበት ደብር ሁሉ ዕውቀቱ የታመነ ነበር። እንግዲህ የበቃ ተማሪ ሳይዘገይ ይለፍ፣ ያስመሰከረውም በሌላ ስፍራ ይታወቅለት የሚለው ሕግ ለእኛ ልጆች እንግዳ ሊሆን አይገባም።

ከዚህ የአባቶች ልማድ ያራቀን በኋላ ዘመን የለመድነው ነገር ነው፤ የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ብሔራዊ ፈተና ሲመዘን፣ ውጤቱም ታይቶ ማን ወዴት እንደሚመደብ ከላይ ሲወሰን ኖረናል። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2014 የትምህርት ዘመን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ አገር ደነገጠ፤ ወላጅ ግን ከመደንገጥና ከመጸለይ በቀር የሚያደርገው አልነበረውም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያደገ ሰው፣ የትምህርት ዕድል ከበላይ አካል የሚታደል እንጂ በወላጅ የሚጠየቅ መሆኑን በቀላሉ አያምንም። በአሜሪካም ፈተና የሚያስደስተው ተማሪ በሃይስኩሉ ሳለ ኤፒ የሚባለውን ኮርስ ወስዶ በሜይ ወር ይፈተናል፤ ከ5 ነጥብ 3ና ከዚያ በላይ ቢያመጣ ብዙ ኮሌጆች ክሬዲት ይሰጡታል። ይሁን እንጂ ኤፒ፣ ራኒንግ ስታርት ወይስ የቴክኒክ ኮሌጅ ሙያ የሚለውን ለልጁ የሚመድብለት ሚኒስቴር የለም።

የአባቶችን ጉባኤ ከዚህ ከአሜሪካው ሥርዓት የሚለየውም የመምህሩ ክትትል ነው። የቅኔው መምህር ማን እንደ ደከመ፣ ማን እንደ ሰነፈ፣ ማንስ ሳይበስል እንደ ቸኮለ በፊቱ እያየ፣ አንዱን ያሳልፍ ሌላውን ያቆይ ነበር። በዚህ ግን ሃይስኩሉ ልጁን ወደ ኮሌጅ ይሸኘዋል፤ ኮሌጁም እንደ ማንኛውም አዋቂ ይቀበለዋል። ግዛቱ ለዚያ ተማሪ ከሚከፍለው ገንዘብ ከመቶ 93 እጅ ወደ ኮሌጁ ሲያልፍ ለትምህርት ወረዳው 7 ብቻ ይቀርለታልና፣ ካውንስለሩ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ወረዳው ተማሪውን ወደ ኮሌጅ ለመላክ እንዲቸኩል አይጠበቅም። ከዚህም በላይ በፌዴራሉ ሕግ መሠረት፣ ኮሌጅ ገብቶ የሚማር ልጅ ዕድሜው 18 ባይሞላ እንኳ በኮሌጁ መዝገብ ላይ ያለው መብት የራሱ ነው፤ ሃይስኩሉን «ልጄ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ የለመደ አባት፣ ለኮሌጁ መምህር ይህንኑ ቢያቀርብ መልስ ላያገኝ ይችላል።

ዕዳው የሚጠነሰሰው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። በ16 ዓመቱ የወደቀበት ኮርስ በኮሌጁ ትራንስክሪፕት ላይ ተጽፎ ይኖራል፤ በኋላ ወደ ሌላ ኮሌጅ ሲያመለክት ይታያል፣ የፌዴራል የትምህርት ርዳታ ሲጠይቅም ሊመዘንበት ይችላል። በመልካም ውጤት ያለፈውም ቢሆን፣ የግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉለትን ክሬዲት ዝናቸው የገነነ አንዳንድ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ላይቀበሉት ይችላሉ። መሐንዲስ ወይም ሐኪም ሊሆን የሚያስብ ልጅ የሒሳቡንና የሳይንሱን ቅደም ተከተል ሳይጠብቅ ያገኘውን ኮርስ ሁሉ ቢሰበስብ፣ ክሬዲቱ በዝቶ መንገዱ ያላጠረበት ተማሪ ይሆናል። ከጎረቤት ልጅ እንዳያንስ ሲባል ብቻ የሚደረግ ጥድፊያም ከሥጋቱ የባሰ ጉዳት አለው፤ ሥጋት ያዘገያል፣ ጥድፊያ ግን በማይፋቅ መዝገብ ላይ ይጽፋል።

ስለዚህ የመምህሩን ስፍራ ወላጅ ሊይዘው ይገባል፤ ይህም ካልኩለስ ማወቅን አይጠይቅም። ልጁን ከምዝገባው በፊት አስቀምጦ «የትኛውን ዩኒቨርሲቲ ታስባለህ? ይህንስ ክሬዲት እንደሚቀበል ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ጠይቀሃል? ባይሆንልህ ኮርሱን የምትተውበት የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?» ማለት ይበቃል። መልስ ያለው ልጅ በርትቷልና ይሂድ፤ መልስ የሌለው አንድ ዓመት በሃይስኩሉ ቢቆይ አይጎዳም፣ ወይም በአንድ ኮርስ ብቻ ይጀምር።

ይህን የጠየቁና የተማሩ ቤተሰቦች በመካከላችን አሉ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ያወቁት የመጀመሪያ ልጃቸው ዋጋውን ከከፈለ በኋላ ነው፣ የተጠቀሙትም ታናናሾቹ ናቸው። የመረዳጃ ማኅበሮቻችንና አጥቢያዎቻችን በየዓመቱ ከምዝገባው ወራት በፊት፣ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰዓት ለይተው፣ በዚህ መንገድ ያለፉትን ወጣቶች በወላጆች ፊት ቢያናግሩ፣ የአንዱ ቤት ልምድ የሁሉ ይሆናል። ለልቅሶና ለሠርግ እንዲህ አምሮ የሚሰበሰብ ሕዝብ፣ እያንዳንዱ ቤት በበኩር ልጁ ኪሣራ ብቻ እንዲማር ሊተወው አይገባም።