ዕቃ ከመለወጥ በፊት ምርመራ ይቅደም

በባሌ ደጋ የሚነግድ ሰው ሁሉ መኪናው በአንድ ቀን ውስጥ ውርጭንም ሐሩርንም እንደሚያይ ያውቃል። ከጐባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በሰነቴ አምባ ላይ ያልፍና ሪራንና የሐረናን ደን አቋርጦ ወደ ቆላው ይደርሳል። ስለዚህ የመኪና ማሞቂያና ማቀዝቀዣ በእኛ ዘንድ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። በሰነቴ ጉም ውስጥ የፊት መስታወቱ በእንፋሎት ሲደበዝዝ የሚያጠራው ከዚሁ መሣሪያ የሚወጣው ሞቃትና ደረቅ አየር ነው። ይህ አየር ሲቋረጥ ሹፌሩ በግምት ይነዳል፤ የሰው ሕይወትም የነጋዴው ጭነትም ለአደጋ ይጋለጣል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ መሣሪያው ሲበላሽ የሚታየው ልማድ ነው። በፀሐፊነት ሥራዬ የመለዋወጫ ደረሰኝ ሁሉ በእጄ ያልፋል። ከዕለታት አንድ ቀን የአሠሪዬ ፒክ አፕ መኪና ማቀዝቀዣ ሥራ ቢያቆም፣ አንድ ጋራዥ «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል» ብሎ አስለወጠ። አዲሱም አልሠራም። በመጨረሻ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ በቴስተር ሲመረምር፣ መካኒኮች ማሳ የሚሉት፣ ኰረንቲውን ወደ መኪናው አካል የሚመልሰው ሽቦ ጫፉ ዝጎ ተገኘ። ዝገቱን ፍቆ አጥብቆ ማሰር ብቻ በቂ ሆነ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እንዲህ ያለው ነው።

የምርመራው ሥርዓት ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ ነው። በመጀመሪያ ባትሪው ይለካል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ በብዙ መኪናዎች ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ሊያሳይ ይገባል። ቀጥሎ ፊውዙ፣ ከዚያም ሪሌዩ፣ ሶኬቶቹና ማሳው ይታያሉ። በእህል መጋዘን አጠገብ የሚያድር መኪና ሽቦውን አይጥ በልቶት ሊገኝ ይችላልና ይህም አይዘንጋ። ፊውዙ በተደጋጋሚ የሚቃጠል ከሆነ የተነካካ ሽቦ ወይም ከልክ በላይ ኰረንቲ የሚስብ ሞተር አለ ማለት ነው። በፊውዙ ፋንታ ሽቦ ጠምዝዞ ማስገባት መኪናውን ለእሳት መስጠት ነው።

ምልክቱም ራሱ ለአስተዋይ ብዙ ይናገራል። ማራገቢያው በከፍተኛው ፍጥነት ብቻ እየሠራ በዝቅተኞቹ እምቢ ቢል፣ በብዙ መኪናዎች የተቃጠለው ፍጥነቱን የሚያበላልጠው ሬዚስተር እንጂ ሞተሩ አይደለም። ኮምፕሬሰሩ አልነሣ ሲል ወደ ክላቹ ኰረንቲ መድረሱ ይለካ። ኰረንቲው ደርሶ፣ ማሳውም ደኅና ሆኖ ክላቹ ካልሳበ ጥፋቱ የክላቹ ነው፤ ካልደረሰ ግን የሚያግደውን ነገር ወደ ኋላ እየተከተሉ መፈለግ ይገባል። ጋዝ ሲያንስ የግፊት መቆጣጠሪያው ኰረንቲውን የሚቆርጠው ኮምፕሬሰሩን ለማዳን ነው። እንዲሁም ብዙ መኪናዎች የውጭው አየር ውሃ ወደሚረጋበት ቅዝቃዜ ሲቀርብ ኮምፕሬሰሩን አያስነሡም። ስለዚህ በውርጭ ማለዳ ሰነቴ ላይ «ሞቷል» የተባለው ኮምፕሬሰር ደሎ መና ሲደርስ በደኅና ቢሠራ ሊያስደንቅ አይገባም።

ነገሩ ወደ ፊት ይልቁን የሚከብድ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ በመከልከሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እየበዙ ሄደዋል። በእነዚህ መኪናዎች ማሞቂያውም ኮምፕሬሰሩም ኃይል የሚያገኙት ከታላቁ ባትሪ ነው፤ በብዙዎቹም ማቀዝቀዣው ባትሪውን ጭምር ያበርዳል። ብርቱካናማ ልባስ ያላቸው ሽቦዎች ሰው ሊገድል የሚችል ኰረንቲ ስለሚሸከሙ ያልሠለጠነ ሰው አይንካቸው።

አንዳንድ ባለሱቅ «እኔ ዕቃ ሻጭ ነኝ፤ ምርመራው የጋራዥ ጉዳይ ነው» ይል ይሆናል። እርግጥ ነው፣ በስሕተት የተገዛ ዕቃ ለሻጩ የአንድ ቀን ትርፍ ያስገኛል። ነገር ግን መኪናው ካልዳነ ገዢው የሚያማው ጋራዡን ብቻ ሳይሆን የዕቃውን ጥራትና የሻጩን ስም ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜም ሮቤን አልፎ ወደ ሻሸመኔ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።

ስለዚህ አስመጪዎች ከመለዋወጫው ጋር የሽቦ መሥመር ንድፉንና የመመርመሪያ መሣሪያውን አብረው ያስመጡ። ባለሱቆች ኮምፕሬሰር ወይም የማራገቢያ ሞተር ከመሸጣቸው በፊት «ተለክቷል ወይ? ስንት ቮልት ተገኘ?» ብለው ይጠይቁ። ባለመኪናዎችም ምርመራን ራሱን የቻለ ሥራ አድርገው ዋጋውን ይክፈሉ። ዛሬ ለዕቃ ብዙ ሺህ ብር ያለ ማቅማማት እየከፈልን ጥፋቱን ፈልጎ ላገኘ ባለሙያ የምንሰጠው ምስጋና ብቻ ከሆነ፣ ባለሙያው ከመመርመር ይልቅ ዕቃ ማስለወጥን ቢመርጥ ልንፈርድበት አንችልም። የንግዱ ማኅበር ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ይህን ያስብበት ዘንድ በትሕትና አሳስባለሁ።