የስዕል ትዕዛዝ ለምን ተወደደ?

ለምርቃት ወይም ለሠርግ ስጦታ የፊት ስዕል ያዘዛችሁ፣ ዋጋው እንደ ድሮው አይደለም አይደል? ሰዓሊው ስግብግብ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ጥሩ የስዕል ወረቀት፣ እርሳስና ቀለም ደግሞ በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚገባው። ሸዋሮቢትና ይፋት ላለ ሰዓሊ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያመጣበት ትራንስፖርት ይጨመርበታል፤ መንገድ ሲዘጋማ ጭራሽ አይገኝም።

ባለሱቁ ለሰዓሊው አይቀንስለትም። ስለዚህ እኛ "ቀንስልን" ስንለው የሚቀንሰው ከገዛ ድካሙ ላይ ነው። ብር ካነሰን አነስ ያለ መጠን ወይም ያለ ፍሬም እንዘዝ፤ ቀብድም እንስጥ። የእጁን ዋጋ ካጣ ግን እርሳሱን ጥሎ ባጃጅ መንዳቱ አይቀርም።