ቆጣሪ ያጡ ከተሞች

«ለመሆኑ ሰበታ ዛሬ ስንት ሰው ይኖርባታል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መልስ እንደ መላሹ ይለያያል። ባለ ሱቁ አንድ ይላል፤ ባለ ሥልጣኑ ሌላ፤ ሁለቱም ግን «ይገመታል» በምትለው ቃል ያሳርጋሉ። ቡራዩም ሆነ ከእንጦጦ ማዶ ያለችው ሱሉልታ ከዚህ አይለዩም። በቆጠራ የተረጋገጠው የመጨረሻው ቁጥር የ1999 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ሰበታም ቡራዩም እያንዳንዳቸው ወደ 49 ሺህ ነዋሪ ነበራቸው። ከቆጠራው ማግሥት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ጎርምሶ በፋብሪካ በር ላይ ሥራ ይጠይቃል፤ አገሩ ግን አንድ ቀን እንኳ አልቆጠረችውም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። 4ኛው ቆጠራ ለ2010 ዓ.ም. ታቅዶ ተላለፈ፤ ወደ 2011 ተሻገረ፤ በሰኔ 2011 ደግሞ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው አራዘሙት። የጸጥታ ችግርና መፈናቀል በምክንያትነት ቀረቡ። ምክንያቱ እውነት ነበር። ነገር ግን ሕዝብ ሲፈናቀል፣ ማን ከየት ወዴት እንደ ሄደ ማወቅ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል እንጂ እንዴት ይቀንሳል?

መዲናይቱ እነዚህን ከተሞች ሳትቆጥር ትገለገልባቸዋለች። ከቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጀምሮ ጥሟን ያረካል። የጅቡቲው አዲስ የባቡር ሐዲድ የሚነሣው ከሰበታ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ወተቱንና ድርቆሹን ይልካል፤ ከሥሩ የሚወጣው ውኃም በፕላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል። ሰጪው ብዙ፣ ተቆጣሪው የለም!

ገበሬውስ? በ1997ቱ የካሳ አዋጅ መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ባለ ይዞታ የሚከፈለው የዓመታዊ ገቢው ዐሥር እጥፍ ነበር፤ በ2011 የወጣው አዋጅ ዐሥራ አምስት እጥፍ አደረገው። ሂሳቡ የእህል ሂሳብ ነው። ያው መሬት በማግሥቱ በካሬ ሜትር ይተመናል። ገንዘቡ ሲያልቅ ገበሬው የት ገባ? የቀን ሠራተኛ ሆነ? በቀድሞ ማሳው ላይ ለተሠራው ፋብሪካ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ? ባልተቆጠረ አገር ይህን በቁጥር የሚመልስ የለም።

«ቆጠራ ፖለቲካ ነው፤ ባይነካካ ይሻላል» የሚሉ አሉ። ፖለቲካ መሆኑን ማን ካደ? የ1999ኙ ውጤት የአማራ ክልል ቁጥር ከተጠበቀው በሚሊዮኖች አንሶ በመገኘቱ ፓርላማ ውስጥ ጥያቄ አስነሥቷል። ግን አለመቁጠር ከፖለቲካ ያድናል? የአዲስ አበባና ዙሪያዋ ማስተር ፕላን በ2006 እና በ2008 የሰው ሕይወት የጠፋበት ተቃውሞ ቀስቅሶ በጥር 2008 ተሠረዘ። በ2015 ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ፤ በዚያው ዓመት «ሕገ ወጥ» የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጉዳዩን በመግለጫ አነሣ። ይህ ሁሉ የሆነው ሳይቆጠር ነው። ቁጥር በሌለበት የሚያሸንፈው ድምፁ የጎላው ነው።

የአየርላንዷ ሊትሪም አውራጃ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1841 ወደ 155 ሺህ ሰው ነበራት፤ ረሀብና ስደት አራቁተዋት በ1996 ወደ 25 ሺህ ወረደች። ያቺ አገር ሕዝቧን በየ5 ዓመቱ ትቆጥራለች። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ እንኳ ቆጠራውን ከ2021 ወደ 2022 አሻገረች፤ አንድ ዓመት ብቻ! ሰው የጎደለባት አውራጃ ጉድለቷን ታውቃለች፤ ሰው የሚጎርፍባቸው የእኛ ከተሞች ግን ጭማሪያቸውን አያውቁም።

ስለዚህ ቆጠራው ቀን ይቆረጥለት። እስከዚያው ሸገር ከ2008 ጀምሮ በሕግ የተዘረጋውን የልደትና የሞት ምዝገባ አጠናክሮ ይያዝ፤ ነባሩንም መጤውንም፣ ተከራዩንም ካሳ ተቀባዩንም በየወረዳው ይመዝግብ፤ ውጤቱንም ለሕዝብ ይግለጥ። ለስንት ልጅ ትምህርት ቤት፣ ለስንት እናት ማዋለጃ እንደሚያስፈልግ ሳያውቁ «እናለማለን» ማለት፣ የእንግዳውን ብዛት ሳይጠይቁ ድግስ እንደ መደገስ ነው። ጦሙን የሚያድረው ደግሞ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ የተቀመጠው ነው።