ድጎማው ከሰውየው ጋር ይሂድ

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ለመሻገር ኢስተርን አቬኑን ማቋረጥ ይበቃል። ከመንገዱ ወዲህ ዲስትሪክቱ ነው፤ ወዲያ ሜሪላንድ። ሠርቶ ለሚያድር ሰው ይህ የቤት ለውጥ መንጃ ፈቃድ ከማስቀየር ብዙም አያልፍም። በአካል ጉዳት ምክንያት መሥራት ላልቻለና ኑሮው በኤስኤስአይ፣ በሜዲኬይድና በሴክሽን 8 ለቆመ ሰው ግን ያው መንገድ ብዙውን ነገር ከሀ የሚያስጀምር ድንበር ነው። በዚህ ድንበር ግራና ቀኝ፣ ከፖቶማክ ማዶም በአሌክሳንድሪያ፣ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ልጆች ሰፋ ያለ ቤት ሲገዙ አረጋዊ እናት ወይም ጉዳት ያለበት ወንድም አብሮ ይነሣል። ስለዚህ ነገሩን ለሕግ ባለሙያዎች ትተን ማለፍ አንችልም። አቋሜ ይህ ነው፦ ቤት መለወጥ ድጎማን ሊያስመረምር ይችላል፣ ሊያቋርጠው ግን አይገባም፤ አዲሱ ቦታ ውሳኔውን እስኪሰጥ ድረስ ነባሩ ድጋፍ ሰውየውን ተከትሎ መሄድ አለበት።

በመጀመሪያ የትኛው ገንዘብ እንደሚነካ መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙው ጭንቀት የሚመጣው ኤስኤስዲአይንና ኤስኤስአይን ከማምታታት ነውና። የሶሻል ሴኩሪቲ ግብር እየከፈለ ሲሠራ ቆይቶ ጉዳት የደረሰበት ሰው የሚያገኘው ኤስኤስዲአይ በአድራሻ አይለወጥም። ከልጁ ጋር ቢኖር፣ ብቻውን ቢኖር፣ ከቴክሳስ ወደ ሚኒሶታ ቢሄድ ክፍያው ያው ነው። ኤስኤስአይ ግን ከ1974 ጀምሮ ገቢና ንብረታቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያን፣ ዓይነ ስውራንና አካል ጉዳተኞች የሚከፈል ስለሆነ ሰውየው የት፣ ከማን ጋር፣ በማን ወጪ እንደሚኖር ይጠይቃል። በ2026 ለአንድ ሰው የሚከፈለው ከፍተኛው የፌዴራል መጠን በወር 994 ዶላር ነው። ተቀባዩ ዘመድ ቤት ገብቶ በነጻ ሲኖር መጠለያው እንደ ገቢ ይታይና ክፍያው እስከ ሲሶ ድረስ፣ ማለትም በወር እስከ 331 ዶላር ገደማ፣ ሊቀነስበት ይችላል። ካሊፎርኒያን የመሰሉ ግዛቶች ደግሞ በፌዴራሉ ክፍያ ላይ የራሳቸውን ይጨምራሉ፤ ከዚያ የወጣ ሰው ጭማሪውን ትቶ ይወጣል።

የቅነሳው ደጋፊዎች አብሮ መኖር ወጪ ይቀንሳል፣ ብቻውን ኪራይ ከሚከፍለው እኩል መስጠት ፍትሐዊ አይደለም ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ይሁንና በዚያው ደንብ የቤቱን ወጪ የድርሻውን የሚከፍል ሰው አይቀነስበትም። በእኛ ዘንድ እናቱን የኪራይ ድርሻ የሚጠይቅ ልጅ ነውረኛ ነው፤ በደንቡ ዓይን ግን እናቱን የጠቀመው እርሱ ነው። ጣሪያውም ሰዎቹም ሳይለወጡ የአንዲት አሮጊት ወርኃዊ ገቢ በዚህ ይወሰናል። የሚቆጠበውም ገንዘብ ቢሆን የሚወጣው ከደኅናው ልጅ ኪስ ነው፤ መንግሥት እንክብካቤውን በነጻ ከሚሠራለት ቤተሰብ ላይ ሲሶውን መልሶ ይወስዳል ማለት ነው። ይህን መለወጥ እንደሚቻል ራሱ የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት አሳይቷል። ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ ዘመድ የሚያበላው ምግብ እንደ ገቢ መታሰቡ ቀርቷል። በሰባት ግዛቶች ብቻ ይሠራ የነበረው፣ በቅናሽ ለተከራዩ ሰዎች የሚመች የኪራይ አሠራርም በዚያው ቀን ለመላው አገር ሆኗል። እስከዚያ ድረስ ከቴክሳስ ወደ ቨርጂኒያ የሄደ ሰው በአንድ የፌዴራል ፕሮግራም ውስጥ ሆኖ የተለየ ስሌት ይጠብቀው ነበር።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው የእንክብካቤው ጉዳይ ነው። የጤና ሽፋኑ ሜዲኬይድ ከግዛት ወደ ግዛት አይዛወርም፤ በቀድሞው ይዘጋል፣ በአዲሱ እንደገና ይጠየቃል። ሰውን ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያጥበው፣ የሚያለብሰውና የሚያበላው አገልግሎት በአብዛኛው ዌይቨር በሚባለው፣ ከ1981 ሕግ በመጣው ፈቃድ በኩል የሚሰጥ ነው፤ ግዛቶች የተጠቃሚውን ቁጥር እንዲገድቡ ስለሚፈቀድላቸውም በብዙ ቦታ ለዓመታት ወረፋ ይጠበቃል። ተራው ደርሶት ሲገለገል የቆየ ሰው ግዛት ሲለውጥ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። በሌላ በኩል የአረጋውያንና ሕሙማን መጦሪያ፣ ማለትም ነርሲንግ ሆም፣ የየትኛውም ግዛት ሜዲኬይድ የመሸፈን ግዴታ ያለበት አገልግሎት ነው፤ የቤት ውስጥ እንክብካቤው ግን በአብዛኛው በግዛቱ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። ውጤቱን አስቡት፦ ለእህቱ ቅርብ ልሁን ብሎ የተነሣ ሰው እህቱ ሰፈር ሲደርስ ቶሎ የሚያገኘው ነገር በመጦሪያ ውስጥ አልጋ ሊሆን ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1999 በኦልምስቴድ ጉዳይ ሰውን ያለ በቂ ምክንያት በተቋም ማኖር አድልዎ ነው ብሎ ወስኗል። ወረፋው ያንን ፍርድ በተዘዋዋሪ ይሽረዋል።

የቤት ድጎማው ነገር የተሻለ ይመስላል። በሕግ ደረጃ የሴክሽን 8 ቫውቸር ከከተማ ከተማ ይዞት መሄድ ይቻላል፤ ከሕንፃው ጋር የታሰረው ድጎማ ግን ሰውየው ሲወጣ እዚያው ይቀራል። ተንቀሳቃሹም ቢሆን እንቅፋት አያጣም፦ የመጀመሪያውን ዓመት እዚያው እንዲቆይ ሊጠየቅ ይችላል፣ የኪራይ ጣሪያው በየቦታው ይለያያል፣ ለቤት ፍለጋ የሚሰጠው ጊዜ ቢያንስ 60 ቀን ይሁን እንጂ በዊልቸር የሚገባበት ቤት በ60 ቀን ማግኘት ከባድ ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አከራይ ቫውቸርን በሰበብነት አንሥቶ እንዳይከለክል በሕግ ሲያግዱ፣ ቴክሳስ በ2015 ከተሞቿ እንዲህ ያለ ደንብ እንዳያወጡ ከልክላለች። ወደ ዳላስ የሚዛወር ሰው ቫውቸሩ ሕጋዊ ሆኖ ሳለ ቤት የሚሰጠው ሊያጣ ይችላል።

ጠንካራው ተቃውሞ የግዛቶች ነው። የራሳችንን በጀት እናወጣለን፣ ለጋስ ከሆንን ከየአቅጣጫው ይጎርፉብናል ይላሉ። ይህ ስጋት አዲስ አይደለም። ኮኔቲከት፣ ፔንሲልቬኒያና ዲስትሪክቱ ራሱ አዲስ መጤ እርዳታ ለማግኘት አንድ ዓመት ይቆይ ይሉ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 በሻፒሮ ጉዳይ ይህን ሽሮ ድሃም የመዘዋወር መብት አለው አለ። ያም ሆኖ የመዘዋወር መብት ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ የሆሴ ሉዊስ ቫዬዮ ማዴሮ ጉዳይ ያሳያል። በኒው ዮርክ ኤስኤስአይ ይቀበሉ የነበሩት እኚህ ሰው በ2013 ወደ ፖርቶ ሪኮ ተዛወሩ፤ ደሴቲቱ በፕሮግራሙ ስለማትካተት መንግሥት 28,081 ዶላር ይመልሱ ብሎ ከሰሳቸው። ፍርድ ቤቱ በ2022 በ8 ለ1 ድምፅ ፈረደባቸው። ጉዳታቸው አልቀነሰም፣ ዜግነታቸውም አልተለወጠም፤ የተለወጠው አድራሻቸው ነው።

ግዛቶች በጀታቸውን የማስላት መብት አላቸው ብንል እንኳ መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ በትምህርት ቤት በር ላይ አለ። በፌዴራሉ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ፣ በትምህርት ዓመቱ መካከል ግዛት የለወጠ ተማሪ አዲሱ ትምህርት ቤት መርምሮ የራሱን ዕቅድ እስኪያወጣ ድረስ ከቀድሞው ጋር የሚመጣጠን አገልግሎት ማግኘት አለበት። ሜሪላንድ የቨርጂኒያን ዕቅድ ለዘለዓለም ትሸከም አላለም፤ በመሃል ልጁ ባዶ እንዳይቀር ግን ደነገገ። ለሰባት ዓመት ልጅ የተቻለ ነገር ለሠላሳ ዓመት ጎልማሳ የማይቻልበት ምክንያት የለም። ኮንግረስ የቤት ውስጥ እንክብካቤን በዚሁ መንገድ ሊደነግግ፣ የመሸጋገሪያውንም ወጪ የፌዴራል መንግሥቱ ሊሸከም ይገባል። በምርጫ ሰሞን ድምፃችንን ፈልገው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ለሚመጡ ዕጩዎች ይህ ጥያቄ ይቅረብላቸው።

እስከዚያው ቤት ለመለወጥ ያሰባችሁ፣ የኪራይ ውላችሁን ከማፍረሳችሁ በፊት የአዲሱን ግዛት ሜዲኬይድና የቫውቸራችሁን መሥሪያ ቤት ጠይቁ፤ ለቤት ፍለጋ ጊዜው ካነሰ በጉዳታችሁ ምክንያት እንዲራዘም በጽሑፍ አመልክቱ። የኤስኤስአይ ተቀባይ ከተዛወረበት ወር በኋላ ባለው ወር እስከ 10ኛው ቀን ማሳወቅ አለበት፤ ካላሳወቀ ከቅጣቱ በላይ የሚከፋው በኋላ መልስ የሚባለው ገንዘብ ነው። ቅነሳው ትክክል አይደለም የሚል በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። ለዚህ ሁሉ እንግሊዝኛ ማወቅ ግዴታ አይደለም፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባል።