ሀብታም የሚያሰኘው ስንት ዶላር ነው?



አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ስልክ ሲደውሉ ወይም ለሰርግ ሲመጡ ደመወዛቸውን እንሰማና ወዲያው ወደ ሸቀል እንለውጠዋለን። በዓመት መቶ ሺህ ዶላር! «እነሱስ ከበሩ» እንላለን። ከዚያም ተነስተን ልጆቻችንን እንመክራለን፤ ሄዶ ያልተሳካለትንም እንወቅሳለን። አንድ ነገር ግን ሳንጠይቅ እናልፋለን፤ በየትኛው ከተማ?

ከተማው ካልተጠየቀ መልሱ እንደማይገኝ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ይመሰክራል። በ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የቤቶችና የከተማ ልማት ሚኒስቴር በሳን ፍራንሲስኮና በአካባቢዋ በዓመት 117,400 ዶላር የሚያገኘውን አራት ነፍስ ያለው ቤተሰብ «ዝቅተኛ ገቢ ያለው» ብሎ መድቦታል። ይህ ወሰን በየዓመቱ ለየአካባቢው የሚወጣው በመኖሪያ ቤት መረዳት የሚገባው ማን እንደሆነ ለመለየት ነው። በዚያው ዓመት ለአራት ሰው የወጣው የመንግሥት የድህነት ወሰን ግን 25,100 ዶላር ነበር። አንዱ መሥሪያ ቤት ችግረኛ የሚለው ቤተሰብ፣ ሌላው ድሃ ከሚለው ከአራት እጥፍ ተኩል በላይ ያገኛል ማለት ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? የድህነቱን ወሰን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያወጣችው በማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ትሠራ የነበረችው ሞሊ ኦርሻንስኪ ናት። ያን ጊዜ አንድ ቤተሰብ ከገቢው ሲሶ ያህሉን ለምግብ ያወጣ ስለነበር፣ የምግቡን ወጪ በሦስት አባዛችው። ከዚያ ወዲህ ወሰኑ ከዋጋ ንረት ጋር ከፍ ይላል እንጂ የየከተማውን የቤት ኪራይ አይመለከትም። ከአላስካና ከሃዋይ በቀር ለአገሩ ሁሉ አንድ ነው፤ ለሚሲሲፒ ገጠርም ለኒው ዮርክም። የኪራይን ልዩነት የሚቆጥር ሌላ መለኪያ ከ2011 ጀምሮ ይወጣል፤ በእሱ ሲለካ ሀብታም የምትባለው ካሊፎርኒያ ድሃ ከበዛባቸው ግዛቶች አንዷ ሆና ትገኛለች። ሆኖም ብዙዎቹ የእርዳታ ፕሮግራሞች የሚከተሉት አሮጌውን ወሰን ነው። ውድ ከተማ ውስጥ የሚኖር የጽዳት ሠራተኛ ከወሰኑ ጥቂት ከፍ ካለ እርዳታው ይቀርበታል፤ ኪራዩን ግን ማንም አይቀንስለትም። ይህን ፍትሕ ነው ለማለት አንችልም።

አሁን ያንኑ ገቢ ይዘን ዲትሮይት እንሂድ። የአንድን ከተማ ቤተሰቦች በገቢያቸው ብናሰልፋቸው መሃል ላይ የሚቆመው ቤተሰብ በ2022 ዲትሮይት ውስጥ 40 ሺህ ዶላር አይሞላለትም ነበር። በአሜሪካ በጠቅላላው 74,580 ዶላር፣ በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ከ130 ሺህ በላይ ነበር። ስለዚህ አንድ ደመወዝ በአንዱ ከተማ የእርዳታ ሰልፍ ያስገባል፣ በሌላው ያስከብራል። ግብሩም አንድ አይደለም። ቴክሳስና ፍሎሪዳ የግዛት የገቢ ግብር የላቸውም፤ የኒው ዮርክ ከተማ ነዋሪ ግን ለፌደራሉና ለግዛቱ ከከፈለ በኋላ ለከተማው ደግሞ ይከፍላል።

ከዚህ ተነስቶ አንዳንዱ «እንግዲያው ውድ ከተማ ውስጥ ሀብታም የለም» ይላል። ኦባማ በ2008 ከ250 ሺህ ዶላር በታች የሚያገኝ ቤተሰብ ግብር አይጨመርበትም ብለው ቃል ሲገቡ፣ ባይደንም በ2020 ወሰኑን 400 ሺህ ሲያደርጉት፣ በትልልቆቹ ከተሞች የሚኖሩ ባለ ትልቅ ደመወዞች «ይህ ገንዘብ እዚህ ምን አላት?» ብለው አጉረመረሙ። ስለ ኑሮው ውድነት የሚሉት እውነት ነው። እነዚያ ሰዎች ግን ልጃቸውን የምታስተምረውን መምህርት፣ አውቶቡሱን የሚነዳውን ሾፌር ይርሱ። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዋጋ፣ በሩብ ደመወዝ የሚኖሩ አሉ። ከከተማው ውድነት የተነሳ ማዘን ካስፈለገ መጀመሪያ የሚታዘነው ለእነሱ ነው።

ደግሞም ያው የቤት ዋጋ አንዱን ሲያደኸይ ሌላውን ያበለጽጋል። በካሊፎርኒያ በ1978 በሕዝብ ድምፅ በጸደቀው ሕግ መሠረት፣ የቤት ግብር የሚሰላበት ዋጋ ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ በዓመት ከሁለት በመቶ በላይ አያድግም። በ1980 ቤት የገዛና ዛሬ የሚከራይ ጎረቤታሞች ደመወዛቸው እኩል ቢሆን እንኳ ኑሯቸው እኩል አይደለም። አንደኛው ተኝቶ ሲያድር ሀብቱ ያድራል፤ ሌላው በየዓመቱ ኪራይ ይጨመርበታል።

ይህን ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በጎንደርና በአካባቢው የነበሩ ብዙዎቹ አባቶቻችን ርስት ስላልነበራቸው እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ የሰው መሬት እያረሱ ምርቱን ያካፍሉ ነበር። አዝመራው ቢያምር፣ ጎተራው ቢሞላ፣ መሬቱ የሌላ ነው። በገቢና በሀብት መካከል ያለውን ልዩነት ከእነሱ ሰምተን አድገናል።

አሜሪካም ይህንኑ ታሳያለች። ማዕከላዊ ባንኩ በ2022 ባደረገው ጥናት የመካከለኛው ነጭ ቤተሰብ ሀብት 285 ሺህ ዶላር፣ የጥቁሩ 45 ሺህ ያህል ነበር። ይህ የሰነፍና የትጉህ ልዩነት አይደለም። ከ1934 ጀምሮ መንግሥት ለቤት መግዣ ብድር ዋስ ሲሆን የጥቁሮችን ሰፈር እየለየ ይዘል ነበር፤ በቤት ረገድ ማበላለጥን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1968 ነው። ያን ጊዜ ቤት ያልገዛ አያት ለልጅ ልጁ የሚያወርሰው ቤት ከየት ይምጣ?

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ዘመድ ደመወዙን ሲነግረን በሸቀል ከማባዛታችን በፊት እንጠይቀው። ከኪራይ፣ ከግብር፣ ከጤና ኢንሹራንስና ከልጆች መዋያ በኋላ ምን ይተርፍሃል? በስምህ ያለው ምንድን ነው? ሥራ ብታጣ ስንት ወር ትቆያለህ? ለሦስቱም ጥሩ መልስ ያለው በዲትሮይትም ቢኖር ሀብታም ነው። መልስ የሌለውን፣ ደሞዙ መቶ ሺህ ቢሆንም፣ ገንዘብ ላክ ብለን ባናስጨንቀው እንላለን።